ከገደሉ ላይ ያጠፋሁት ነጭ መስመር

አከራዬ ወንድም አላቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ከመካነ ሰላም ወዲያ ባለው ጥብቅ ደን ጠባቂ ናቸው። በዐቢይ ጾም መግቢያ ሳምንት፣ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ጫማዬን ገና ሳላወልቅ በራፌ ላይ ቆሙና ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። በፌስታሉ ውስጥ መሐረብ ነበር፤ በመሐረቡ ውስጥ ደግሞ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማይበልጥ የካሜራ ካርድ።

«መምህርት፣ ያ ኮምፒውተርሽ ይሠራል?»

«ይሠራል ጋሼ። ግን እኔ እኮ ፈተና መጻፍና ውጤት መሙላት ብቻ ነው የምችለው።»

«እሱን የቻለ ይኼ አያቅተውም። አሞራ ነው ያለበት።»

ከበስተኋላቸው አከራዬ ብቅ አሉ። «አሞራ! የሰው ወንድም በሬ ያደልባል፣ የኔ ወንድም አሞራ ያሳድጋል» አሉ። ጋሼ አልሳቁም። ነገሩ ጨዋታ እንዳልሆነ የገባኝ ባለመሳቃቸው ነው።

በደኑ ጫፍ ያለ የአንድ ገጠር ደብር ቅጥር ፈርሶ ከብት እየገባ መቃብሩን ይረግጣል። ሰዉ አዲስ ግንብ ሊያቆም ተስማማ፤ ሙስሊም ጎረቤቶቹም በየቅሬያቸው፣ በየዕድራቸው እንደማለት፣ ድንጋይ የሚሸከሙበት ቀን ተመድቦላቸዋል። ድንጋዩ የሚወጣው ከደብሩ በላይ ካለው ገደል ነው። በሽብልቅ ሲመቱት ቀጥ ብሎ የሚፈለጥ ድንጋይ በቅርብ ሌላ የለም። በዚያው ገደል ላይ፣ ዋሻ መሳይ ጉድጓድ ውስጥ፣ ጢማሙ አሞራ ጫጩት አለው። አጥንት ከሰማይ እየጣለ ዓለት ላይ የሚሰብረው፣ አገጩ ሥር ጥቁር ጢም የተንጠለጠለበት ትልቁ አሞራ ማለት ነው። ሥሩ መዶሻ ከተመታ ወላጆቹ ይሸሻሉ፤ ጫጩቱ በረሃብ ያልቃል። ጋሼ የለመኑት እስኪበር ብቻ፣ እስከ ግንቦት ልደታ እንዲቆዩላቸው ነው። ሽማግሌዎቹም አልጨከኑም። ግን ግማሹ ሰው «ያ ጎጆ ድሮ የተተወ ነው፣ ባዶ ነው» አለ። ጎጆው የሚታየው ከማዶው ሸንተረር ላይ ብቻ ነው፣ ዳገቱ ደግሞ ለሽማግሌ ጉልበት አይሆንም። ስለዚህ «ማስረጃህን አምጣ፤ ሁለት ሳምንት እንጠብቅሃለን» ተባሉ።

ጋሼ ከመሥሪያ ቤታቸው ካሜራ ተውሰው፣ ሸንተረሩ ላይ በደረታቸው ተኝተው አራት ቀን ሙሉ ያነሱት ማስረጃ እጄ ላይ ነበር።

በስመ አብ ብዬ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሰማዩ ነጭ፣ አሞራው ከሰል ነው። አንዳንዱ ላይ ጅራት ብቻ አለ። አንዳንዱ ላይ ሣር ብቻ። አንዱ ላይ የጋሼ የገዛ ጫማ። ከዚያ ሁሉ መሐል ግን አንድ ነበረች፤ ወላጁ ክንፉን ሰብስቦ ጎጆው አፍ ላይ ሲያርፍ፣ ከሥሩ ደግሞ አቧራማ ጥጥ የመሰለች የጫጩት ራስ። ጨለማ ናት፣ ዘምማለች፣ አሞራው ከዝንብ አይበልጥም። ግን የጫጩቱ ራስ አለች።

«እሷን ነው፤ እሷን አጉልተሽ በትልቁ አሳትሚልኝ» አሉ። ሌላውንም አብሬ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ ካርዱን ባዶ አድርጌ መለስኩላቸው፤ ካሜራውን ከነካርዱ ማስረከብ ነበረባቸው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጣሁ። እኔ የተወለድኩት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው፤ ከዚህ የሁለት ቀን መንገድ። እዚያ ወፍ ማለት ጣጣ ነው። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ የዓሣ አንጀት ጠግቦ ጣሪያችን ላይ ያድራል፤ እናቴ ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን በኦሞ ትፈትጋለች፤ ለቅዳሴ ያሰጣነው ነጠላ ላይ ጠብ ያለበት እንደሆነ ደግሞ አያድርስ ነው። ወፍ ለማሳመር ቁጭ እላለሁ ብዬ በሕልሜም አላውቅም። አሁን ግን ሰሌዳ ላይ እኩልታ እየጻፍኩ የማስበው ስለዚያች ራስ ነው። ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ ዓይኔ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። አቋርጬ እነሣለሁ፣ እከፍታለሁ፣ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ወደ ጸሎቴ እመለሳለሁ፤ የት ላይ እንዳቆምኩ አላውቀውም፣ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ብቻዬን እንደማልወጣው ሳውቅ ገበያው አጠገብ ወዳለው ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለቤቷ በዕድሜ የምታንሰኝ፣ አፏ ስለት የሆነ ሴት ናት፤ የከተማው ሙሽራ ሁሉ በእጇ ያልፋል። ፎቶውን አየችና ፊቷን አዞረች።

«ይቺ ሙሽራ ጢም አላት እኮ፣ እናቴ።»

«አትቀልጂ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መማር አለብኝ።»

«ሙሽራም አሞራም አንድ ነው። ብርሃኑን ታስተካክያለሽ፣ ዙሪያውን ትቆርጫለሽ፣ ፊቱን ታለሰልሻለሽ፣ ያስቀየመሽን በብጉር ማጥፊያ ታጠፊያለሽ። በቃ።»

ብጉር ማጥፊያ የምትለው እንደ ጣት ጫፍ ያለች ክብ ናት። ነጥቡ ላይ አስቀምጠው ሲጫኑት ፕሮግራሙ ከጎኑ ያለውን ቆዳ ይዋስና ብጉሩን ይሸፍነዋል። ከመሸ በኋላ መቆየት ስለምፈራ፣ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ አንድ ሰዓት እሷ ዘንድ እየተቀመጥኩ ተማርኩ። መብራት ሲጠፋ እቃዋን ጠራርጋ «ዛሬ አሞራሽ ጾሟን ትደር» ትለኛለች። ስትሠራ ጣቷ አይታይም። የእኔ ጣት ግን ማውዙ ላይ ይስታል። አንድ ነገር አስተካክዬ ሌላ አበላሻለሁ፣ ያበላሸሁትን ስመልስ ያስተካከልኩት ይጠፋል።

በሳምንቱ ጋሼ ሊያዩ መጡ። ኮራ ብዬ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ብዙ አዩ።

«መምህርት፣ ደረቱን ምን አደረግሽው?»

«አቧራ ነበረው ጋሼ፤ ቀይ አፈር። አጸዳሁለት።»

«አቧራ አይደለም እኮ። ቀይ ጭቃ ፈልጎ ሄዶ ይለቀለቀዋል፤ ጌጡ ነው። አሁን ዶሮ አስመሰልሽው።» ከዚያ ፊቴን አይተው ነው መሰል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አብሽሪ። መመለስ ይቻል የለ?»

ይቻል ነበር፤ መለስኩት። የፎቶ ቤቷ ሴት ያስተማረችኝን የማለስለሻ ነገር ሁሉ አነሣሁና ላባው እንደ ላባ ሆነ። ጋሼ ደጋግመው አዩትና «አሁን እሱ ነው፤ ወላሂ እሱ ራሱ ነው» አሉ። እዚያ ላይ እጄን ማንሣት ነበረብኝ።

አላነሣሁም። የሚታተምበት ቅዳሜ ደረሰ። ቤቴ ተቀምጬ ለመጨረሻ ጊዜ ላየው ብዬ በሙሉ ስክሪን ስከፍተው፣ ከጎጆው አፍ እስከ ገደሉ ወገብ የሚወርድ ሰፊ ነጭ መስመር ዓይኔን ወጋኝ። ኩስ ነው። የስንት ዓመት የአሞራ ኩስ፣ እንደ ፈሰሰ ኖራ። እስከዚያች ሰዓት አላየሁትም ማለት አይደለም፤ ግን ያን ጊዜ ሌላ ነገር አሰብኩ። ነገ ይኼ ምስል በሰው ቁመት ልክ ታትሞ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በደብሩ ደጃፍ፣ ካህናት ባሉበት ይሰቀላል። እኔ ይዤው ቆሜ። በሁዳዴ። ፊቴ እስኪግል አፈርኩ። አባቶችን የአሞራ እዳሪ አሳያለሁ?

ብጉር ማጥፊያዋን አወጣሁ። ከላይ ጀምሬ እየነካሁ ወረድኩ፤ ነጩ በተነካ ቁጥር ግራጫ ድንጋይ ይተካል። ያን ያህል የተረጋጋ ሥራ በሁለቱ ሳምንት ውስጥ አልሠራሁም። አንዴም አልሳትኩም። ስጨርስ ገደሉ የታጠበ መሰለ። ሴቭ አልኩት፤ በቀድሞው ስም፣ በቀድሞው ላይ። ፎቶ ቤት ወስጄ አሳተምኩት። የፎቶ ቤቷ ሴት «ይኼንንስ ሙሽራዎቼም አያገኙት» አለችኝና ደስ እያለኝ ገባሁ።

እሑድ በሌሊት አይሱዙ ላይ ተሳፍረን ከጋሼ ጋር ሄድን። የተጠቀለለውን ባነር እንዳይታጠፍ እንደ ሕፃን ታቅፌዋለሁ። እሳቸው «ልየው እንጂ» ቢሉም መንገዱ ያንገጫግጫል፣ አቧራውም መከራ ነው፤ «ሲሰቀል ያዩታል» አልኳቸው። እኔ ቅዳሴ ገባሁ፤ እሳቸው ውጭ ጠበቁ። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ እንዲቀመጥ ከበሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር ተሰበሰበ። ባነሩን በሁለት ቅርንጫፍ መሐል ገመድ አሥረን ዘረጋነው።

መጀመሪያ ማጉረምረም ሆነ፤ የአድናቆት መሰለኝ። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ተነሥተው ቀረብ አሉ። በምርኩዛቸው ምስሉን ሳይነኩ ከላይ ወደ ታች ተከተሉት።

«ይኼ የኛ ገደል አይደለም» አሉ።

ወደ ሰዉ ዞሩ።

«የኛ ገደል ነጭ አለው። ከወንዙ ማዶ ሆኜ፣ ከገበያ ስመለስ፣ ጉም ገለጥ ሲል ቤቴ ወዴት እንደሆነ የማውቀው በዚያ ነጭ ነው። ይኼ ንጹሕ ገደል ነው። የማን አገር እንደሆነ እንጃ።»

«እውነት ነው፣ ነጩስ?» አለ አንዱ። «ነጩ የታለ?» አለ ሌላው። ከኋላ የቆሙ ወጣቶች ሳቁ። ድንጋይ ፈላጩ፣ ትከሻው የሰፋ ጎልማሳ፣ «ከስልክ ላይ አውጥተውት ነዋ!» አለ። «ጋሽዬ፣ የሰው አገር አሞራ ለኛ አመጡልን? እኛ ለቤተ ክርስቲያን ስንሠራ እርስዎ ይቀልዱብናል?»

ጋሼ ባነሩን አዩ። አንዴ ብቻ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የገባቸው ሰው ዓይን ነው። እሷ ናት ቢሉ ኖሮ ማን ይፈርድባቸው ነበር? አላሉም። እንዲያ ሰው ሁሉ እያያቸው ኮፍያቸውን በእጃቸው ያዟዙሩ ጀመር።

እኔ ለአገሩ እንግዳ ነኝ፤ በዚያ ጉባኤ ላይ ሴት ተነሥታ ስትናገርም አላየሁም። ጉልበቴ ራሱ ይመስለኛል ያስነሣኝ። ነጠላዬን አመሳቅዬ ነበር፤ ጫፉን ጨብጬ ቆምኩ።

«አባቶቼ፣ ገደሉ የእናንተው ነው። ነጩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አያውቁም።»

የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ጸጉራቸው የነጣ መነኩሴ፣ ከመቀመጫቸው ቀና አሉ። «ነጩን ነው ያልሽው?»

«አዎ አባ። በኮምፒውተር።»

«ለምን ልጄ?»

«ኩስ... ስለሆነ። በእናንተ ፊት፣ በደጀ ሰላሙ፣ በጾም... ነውር መስሎኝ።»

ከሴቶቹ በኩል አንዲት እናት አፋቸውን በነጠላቸው ከልለው መሳቅ ጀመሩ። «ውይ ይቺ ልጅ! እኛን እዳሪ አይተን የማናውቅ አደረገችን!» ሳቁ እየተዛመተ መጣ። አስተዳዳሪውም ፈገግ ብለው «የደብሩን ጣሪያ አይተሻል?» አሉኝ። «ርግብ ያላበላሸው ቆርቆሮ የለንም። እኛ ሥሩ ነው የምንቀድሰው።»

ያለፈልኝ መሰለኝ። ድንጋይ ፈላጩ ግን አልሳቀም።

«እሺ ነጩን አጠፋች። ያለውን ያጠፋ ሰው የሌለውን አይጨምርም? ጫጩቱንስ እሷ እንዳልሠራችው በምን እናውቃለን?»

ዋናው ፎቶ የለም፤ በላዩ ሴቭ አድርጌበታለሁ። የቀሩት ጅራትና ሣር ናቸው። ካርዱን በገዛ እጄ ባዶ አድርጌዋለሁ። ያለኝ ቃሌ ብቻ ነው፣ እሱንም አሁን ራሴ አርክሼዋለሁ። «እምላለሁ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አትማዪ!» አሉ አስተዳዳሪው፤ ፈገግታቸው ጠፋ። «በጾም ምን መሐላ አለ? ተቀመጪ።» ወደ ጋሼ ዞሩ። «መነጽር አለህ? ያ ሩቅ የሚያሳየው?»

«አለኝ አባ።»

«እንግዲህ አሳየኝ።»

«አባ፣ ዳገቱ እኮ...»

«ዳገቱን አውቀዋለሁ። አንተም ና» አሉት ድንጋይ ፈላጩን፣ «ስደክም ትደግፈኛለህ።»

አራት ሆነን ወጣን፤ ሌላው ሰው ወይራው ሥር ጠበቀ። እኔን ማንም ነዪ አላለኝም፣ ማንም ቅሪም አላለኝ። አስተዳዳሪው በየጥቂት እርምጃው ይቆማሉ። በቆሙ ቁጥር እኔ ሰማዩን አያለሁ፤ ደመና እየወረደ ነበር፤ ጉም ከደረሰ ነገሩ አበቃ። ቀድሜ ልሂድ እላለሁ፣ ደግሞ ሽማግሌ ጥዬ ወዴት? ድንጋይ ፈላጩ «በእርስዎ አሞራ ጉልበታችን አለቀ» እያለ ጋሼን ይነዘንዛል፤ ክንዱን ግን ከአስተዳዳሪው ብብት አላነሣም።

ደረስን። ነጩ መስመር ከማዶ ቦግ ብሎ ይታያል፤ ከማስታውሰው ይሰፋል። ጋሼ መነጽሩን ለአስተዳዳሪው አስተካክለው ሰጧቸው።

«ጎጆውን አየሁት» አሉ። ብዙ ቆዩ። «ሱፍ አለ፣ አጥንት አለ፣ ጨርቅ አለ። ጫጩት ግን አላይም።»

ድንጋይ ፈላጩ ተቀበላቸው። «ባዶ ነው።»

ጋሼ «ተኝቶ ይሆናል፣ ሲተኛ ይሰጥማል» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ተሰብሮ ነበር። እኔ ደግሞ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፦ ምናልባት እውነትም እኔ ሠርቼው ይሆን? ያንን ጥጥ የመሰለ ነገር ብርሃን እየጨመርኩ፣ እየቆረጥኩ፣ እያጠራሁ ራስ ያደረግኩት እኔ ብሆንስ? የዓይኔን ነገር ማመን ተውኩ። ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ የገደሉን እግር ይዟል። «እመቤቴ» ብቻ አልኩ፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ጥላ በላያችን አለፈ። ወላጁ ነው፤ ክንፉን ሳያርገፈግፍ ሸለቆውን ተሻግሮ፣ ደረቱ እንደ ዝገት ቀልቶ፣ በእግሩ አንዳች ነገር ይዞ ጎጆው አፍ ላይ ወረደ። ጋሼ መነጽሩን ከድንጋይ ፈላጩ ነጥቀው ለአስተዳዳሪው ሰጡ።

«አለ» አሉ አስተዳዳሪው ቀስ ብለው። «አፉን ከፍቷል። እይ፣ አንተ እይ።»

ድንጋይ ፈላጩ አየ። መነጽሩን ሳያወርድ «ይኼ ሁሉ ጩኸት ለዚህች?» አለ። ጥቂት ቆይቶ «ትበላለች ደግሞ!» አለ። ከዚያ በኋላ መነጽሩን ከእጁ ማስለቀቅ ሌላ ሥራ ሆነ።

ጉሙ ጎጆውን ሸፈነው። አስተዳዳሪው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። «እስከ ልደታ ይቆያል። በልደታ ማግስት ግን አንድ ቀን አልጨምርም፤ ሰኔ ሳይገባ ግንቡ መቆም አለበት።» ወደ እኔ ዞረው፣ «ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ቀላል ነው ብለሽ ግን እንዳታልፊው» አሉኝ።

ነገርኳቸው። የሰጡኝ ቀኖና በእኔና በእሳቸው መካከል ነው። ጋሼ ግን አልወቀሱኝም፤ እሱ ነው የከበደኝ። በመመለሻው መንገድ ይቅርታ ስጠይቃቸው «ገደል ያጸዳሽው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» አሉና ሳቁ፤ ከዚያ ስለ ቤንዚን መወደድ ከሹፌሩ ጋር ማውራት ጀመሩ።

ፋሲካ አለፈ፤ ቀኑ እየቀረበ ሄደ። በየሳምንቱ ለጋሼ እደውላለሁ። «ላባ አወጣ» ይሉኛል። በሌላው ሳምንት «ክንፉን ይዘረጋል፣ ደግሞ ይፈራል»። የፈተና ወረቀት እያረምኩ አንዱን ልጅ ሁለት ጊዜ አረምኩት። ልደታ መጣች፤ አልበረረም። በዚያች ቀን ከቅዳሴ ስመለስ አከራዬ «ምነው እንደ ምጥ ያዘሽ ሰው ትንቆራጠጫለሽ?» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስልኬ ተንቀጠቀጠ።

«ወጣ!» አሉ ጋሼ። «ጎሕ ሲቀድ። በዓይኔ አየሁት።»

«ፎቶ አነሡት?»

«የአንቺንማ ፎቶ ማን ያምናል! መጥተሽ እይ።»

ፈቃድ ጠይቄ ያገኘሁትን መኪና ይዤ ሄድኩ። ሸንተረሩን ስወጣ መዶሻው ከሥር ይሰማ ነበር፤ ብረት በሽብልቅ ላይ፣ ቋ፣ ቋ፣ ከዚያም ድንጋዩ ሲላቀቅ እንደ ማቃሰት ያለ ድምፅ። ጋሼ በእጃቸው ጠቆሙኝ። ከጎጆው ራቅ ብሎ፣ ጠባብ ጠርዝ ላይ፣ ጥቁር ቡኒ የሆነ ወፍ ቁጭ ብሏል። ወላጁን አይመስልም። መዶሻው በወረደ ቁጥር ይደነግጣል፣ ክንፉን ይከፍታል፣ ይመልሳል። ስድስተኛው ላይ ይሁን ሰባተኛው፣ ተወርውሮ ወጣ። ወደ ታች ወደቀ፤ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ከዚያ ነፋስ አነሣው፤ እያዘነበለ፣ እየተስተካከለ፣ እንደገና እያዘነበለ፣ ገደሉ የሚታጠፍበት ጥግ ደርሶ ተሰወረ።

«የት ያርፋል?» አልኩ።

«አላውቅም። እናቱ ግን አጥንት ይዛ በዚያው በኩል ስትዞር አይቻለሁ።»

«ብናይ ይሻላል። ዙረን እንሂድ?»

«መንገድ የለውም እኮ። መኪናውም ያመልጥሻል።»

«ትንሽ እንቆይ እንግዲያው።»

መነጽሩን ሰጡኝና ካፖርታቸውን ድንጋዩ ላይ አነጠፉልኝ። ያንን ጥግ እያየሁ ቁጭ አልኩ፤ ከሥር መዶሻው አላቋረጠም።